ከሕዳሴው ግድብ በኋላ የሚቀጥለው ኃይል ከየት ይምጣ?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በመሆኑ ዓምዱን ለእነርሱ ብቻ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ ሦስት 1,870፣ ጣና በለስ 460 እያልኩ ስደምር አገራችን የተትረፈረፈ ኃይል ያላት ይመስለኛል። ሆኖም የመሰንጠቂያ ማሽኔ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በሥራ መካከል ይቆምብኛል። በሌላ በኩል ስለ ነፋስ፣ ስለ ፀሐይና ስለ እንፋሎት ኃይል ሲወራ እሰማለሁ። ይህን ሁሉ ውኃ ይዘን ሌላ ዓይነት ማመንጫ ለምን ያስፈልገናል? ካስፈለገስ ገንዘባችንን በየትኛው ላይ ብናውለው ይሻላል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የጥያቄዎ ፍሬ ነገር ያለው በድምሩ ውስጥ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር። 5,150 ሜጋ ዋት ማለት የግድቡ አሥራ ሦስት ተርባይኖች በሙሉ ኃይላቸው ሲሽከረከሩ በዚያች ቅጽበት የሚያወጡት ጉልበት ነው፤ ሌት ተቀን፣ በጋ ከክረምት የሚሰጡት ማለት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት እንዲህ ቢሽከረከሩ ወደ 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት (አንድ ጊጋ ዋት ሰዓት ማለት 1,000 ሜጋ ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚሰጠው ነው) ባመነጩ ነበር። ግድቡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የተሰላው ግን ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ይህ ለዓመቱ ሰዓታት ሲካፈል በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው ከግንባታ ጉድለት አይደለም፤ ዓባይ በዓመት ይዞ የሚወርደው ውኃ ልክ አለው፤ ተርባይኖቹ የበዙትም ያ ውኃ ኃይል በጥብቅ በሚፈለግበት ሰዓት በብዛት እንዲለቀቅ ታስቦ ነው። ስለዚህ ማመንጫዎችን ስናወዳድር የተተከለውን ሜጋ ዋት ብቻ መደመር ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት በዓመት ስንት ጊጋ ዋት ሰዓት ይሰጣል፣ በየትኛው ወርና በየትኛው ሰዓት ይሰጣል የሚለው ነው።

የሰዓቱን ነገር በአንድ የቤት ዕቃ ማሳየት ይቻላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በአንድ ሚሊዮን ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢጣድ 3,500 ሜጋ ዋት ያህል ይጠይቃል፤ ይህም የጊቤ ሦስትን ሙሉ አቅም እጥፍ ሊሆን ጥቂት የሚቀረው ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር ኃይል በፈረቃ በነበረበት ጊዜ እናቴ ያቦካችው ሊጥ እንዳይኮመጥጥባት የሰፈሩን ተራ እየጠበቀች ሌሊት ተነሥታ ትጋግር ነበር። ጎረቤቶቿም ሁሉ በዚያው ሰዓት ስለሚጥዱ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ምጣዱ በቅጡ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ድፍን ሆኖ ይወጣ ነበር። እጥረት የመብራት መጥፋት ብቻ አለመሆኑን፣ መብራት እያለም እጥረት ሊኖር እንደሚችል የተረዳሁት ከዚያ ምጣድ አጠገብ ቆሜ ነው።

የዚያን ዓመት ፈረቃ ያመጣው የጊቤ ሦስት ሐይቅ ውኃ መቀነስ ነበር፤ ወደ ውኃ ጉዳይ የሚያስገባንም ይኸው ነው። ውኃ ለአገራችን ያለው ብልጫ አያከራክርም። ነዳጅ አይገዛለትም፣ ከተገነባ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ለዚህም በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቆቃ ምስክር ነው። ከሁሉም በላይ ውኃ ይጠራቀማል፤ ተርባይኑን በደቂቃዎች ውስጥ አስነሥቶ የምሽቱን ጭነት መሸከም ይቻላል። ድክመቱ ሁሉን ነገር በአንድ ዝናብ ላይ ማንጠልጠላችን ነው። በአገራችን ከሚመነጨው ኃይል ከመቶ ከዘጠና እጅ በላይ የሚገኘው ከውኃ ሲሆን፣ ዓባይም ተከዜም ኦሞም በዋናነት የሚሞሉት በዚያው በአንዱ ክረምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ዛምቢያ በድርቅ ስትመታና የካሪባ ሐይቅ ሲጎድል፣ አብዛኛውን ኃይሏን ከውኃ የምታገኝ በመሆኗ፣ በብዙ ቦታ ሕዝቡ በቀን ከ17 ሰዓት በላይ ያለ መብራት እስከ መዋል ደርሷል። የሕዳሴው ግድብ በዚህ ረገድ ከቀደሙት ይሻላል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቁ ወንዙ በዚያ ስፍራ በአንድ ዓመት ከሚያወርደው ውኃ ስለሚበልጥ አንድ ክፉ ክረምትን ሊያሻግር ይችላል። ሁለት ሦስት ክፉ ክረምት ቢከታተል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደለልም መዘንጋት የለበትም። የቆቃ ሐይቅ ከይዘቱ ከፍ ያለውን ክፍል ለደለል ማስረከቡን ያየ ሰው፣ በደጋው ተዳፋት ላይ የሚሠራው እርከን የግብርና ሥራ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሥራም መሆኑን ይገነዘባል።

ነፋስ የሚያስፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው። የአገራችን ነፋስ የሚበረታው በበጋ ወራት፣ ማለትም ግድቦች ከመሙላት ወደ መጉደል በሚያዘነብሉበት ወቅት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚጓዝ ሰው በጥርና በየካቲት ከኮረብታዎቹ ላይ እነዚያ ነጫጭ ማማዎች ያለ ፋታ ሲሽከረከሩ ያያል። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ናቸው፤ በትግራይ አሸጎዳ፣ በሶማሌ ክልል አይሻ፣ በአርሲ ደግሞ አሰላ ተጨምረዋል። ነፋስ እንደ ውኃ አይጠራቀምም፣ በታዘዘ ጊዜም አይነፍስም፤ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በዚህ ምክንያት ዋጋው ያንስ ነበር። ትልልቅ ሐይቅ ባላት አገር ግን ነፋሱ ሲነፍስ ተርባይኑን አቀዝቅዞ ውኃውን ማስቀመጥ፣ ነፋሱ ሲተኛ ደግሞ የተቀመጠውን መልቀቅ ይቻላል። ሌሎች አገሮች ለዚህ ተግባር በውድ ዋጋ የባትሪ ጣቢያ ይገነባሉ፤ እኛ ዘንድ ያ ባትሪ ጉባ ላይ ተሠርቶ ተቀምጧል። በእኔ እምነት የሕዳሴው ግድብ ትልቁ ጥቅም ገና በሚገባ ያልተነገረለት ይህ ነው።

ፀሐይም በዚሁ መንገድ ትታያለች። የሶላር ፓኔል ዋጋ ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ዘጠኝ አሥረኛ ያህል ወርዷል፤ ግንባታውም በወራት እንጂ በዓመታት አይቆጠርም። ፀሐይ ለምሽቱ ምጣድ አትደርስም፣ ቀን ላይ ግን የግድቡን ውኃ ለምሽት ታስቀምጣለች፤ ክረምት ላይ በደመና ስትሸፈን ደግሞ ወንዞቹ ሞልተዋል። እንቅፋቱ ቴክኒካዊ ሳይሆን የገንዘብ ነው። መሣሪያው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የግል ባለሀብት ክፍያውን በዶላር እንዲረጋገጥለት ይፈልጋል፣ መንግሥት ደግሞ ያን ዋስትና ለመስጠት ይቸገራል። ስምምነት ተፈርሞላቸው ለዓመታት ከወረቀት ያልወጡ ፕሮጀክቶች የቆሙት በአብዛኛው በዚህ ቋጠሮ ላይ ነው።

ጂኦተርማል ስለሚባለው የከርሰ ምድር እንፋሎት ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቁጭት ያለበት ታሪክ ስለሆነ ነው። 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የሶላር ጣቢያ በዓመት ወደ 175 ጊጋ ዋት ሰዓት፣ ያው መጠን ያለው የነፋስ ጣቢያ ወደ 290 ቢሰጥ፣ በደንብ የተያዘ የእንፋሎት ጣቢያ ግን ወደ 790 ይሰጣል። ሌሊት አይል ቀን፣ ድርቅ አይል ዝናብ። በስምጥ ሸለቋችን የሚገኘው እምቅ ኃይል እስከ 10,000 ሜጋ ዋት እንደሚደርስ ሲገመት ኖሯል። ጥናቱም የተጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ በአሉቶ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው በ1990ዎቹ መባቻ 7.3 ሜጋ ዋት የምታመነጭ ጣቢያ ቆመች። እርሷም ጥገና አጥታ ብዙም ሳትቆይ ሥራ አቆመች፤ በኋላም በከፊል ብቻ ተመለሰች። በዚያው ስምጥ ሸለቆ ላይ የምትገኘው ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ኦልካሪያ ላይ በ15 ሜጋ ዋት ጀምራ ሳታቋርጥ በመቆፈሯ ዛሬ ከ900 ሜጋ ዋት በላይ የእንፋሎት ኃይል አላት፤ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው የኤሌክትሪክ ፍጆታዋም ከዚያ ይገኛል። ልዩነቱን ያመጣው ምድሩ አይደለም። አንድ ጉድጓድ ለመቆፈር ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይወጣል፣ እንፋሎት ላይገኝም ይችላል፤ ይህን ስጋት አብዛኛው የግል ባለሀብት አይሸከምም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የመንግሥት ቁፋሮ ድርጅት አቋቁማ ስጋቱን ራሷ ተሸከመች፤ ባለሀብቱ የሚመጣው እንፋሎቱ ከታየ በኋላ ሆነ። እኛም አሉቶን ወደ 70 ሜጋ ዋት ለማሳደግ አዳዲስ ጉድጓዶችን ቆፍረናል፤ መቀጠል ያለበት ግን ለአንድ ፕሮጀክት ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ያለማቋረጥ ነው።

የናፍጣ ጄኔሬተር ጉዳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ለሆስፒታልና ለአደጋ ጊዜ መጠባበቂያ ይሁን እንጂ ነዳጅ በዶላር ለምትገዛ አገር የዘወትር ማመንጫ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ማሽንዎ እንመለስ። ከላይ የተነገረው ሁሉ ቢሟላም ማሽንዎ ሊቆም ይችላል፤ ምክንያቱም በጉባና በእርስዎ ቆጣሪ መካከል ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መስመር፣ በርካታ ማከፋፈያ ጣቢያዎችና በመጨረሻም በሰፈርዎ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አንድ ትራንስፎርመር አለ። ደብረ ብርሃን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ፋብሪካ የገባባት ከተማ ናት፤ ለጥቂት ቤቶች የተተከለ ትራንስፎርመር ዛሬ ወፍጮም፣ ብየዳ ቤትም፣ የእርስዎንም መሰንጠቂያ ሲሸከም መውደቁ አይቀርም። ኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 አጠናቅቃ ማስተላለፊያ መስመሩ ባለመድረሱ ማማዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ሥራ ቆመው ነበር፤ ላልተጠቀመችበት ኃይልም ካሣ ለመክፈል ተገድዳለች።

ስለዚህ «ገንዘቡ የት ይዋል» ለሚለው ጥያቄዎ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። አስቀድሞ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያና የሰፈር ትራንስፎርመር፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ኃይል ብቻ ከሚመነጨው አንድ አምስተኛ ያህል መሆኑን ስናስብ ይህን የመሰለ ርካሽ ማመንጫ አይገኝም። ቀጥሎ በመንግሥት በጀት የሚካሄድ የማይቋረጥ የእንፋሎት ቁፋሮ። ከዚያም በግልጽ ጨረታ ነፋስና ፀሐይን ከነባሮቹ ግድቦች ጋር እያጣመሩ ማስፋፋት። 1,800 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የኮይሻ ግድብ ተጀምሯልና ይጠናቀቅ፤ ከእርሱ በኋላ ግን ሌላ ግዙፍ ግድብ ከመጀመር በፊት ቆም ማለት ይገባል እላለሁ። ፍላጎቱ በዚህ አያበቃም። ገና ግማሽ ያህል ሕዝባችን ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ መኪናውም ከምጣዱ ጋር ተሰልፏል።

ለጊዜው አንድ ነገር ያድርጉ። ማሽኑ ሲቆም የጎረቤት መብራት አብሮ ጠፍቶ እንደሆነ ይመልከቱ። መብራቱ ካለና ማሽኑ እየጮኸ መዞር ካቃተው ከሦስቱ ፌዝ (ኃይሉን ወደ ማሽኑ ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች) አንዱ ተቋርጧል ማለት ነውና ወዲያውኑ ያጥፉት፤ በሁለት ፌዝ የቆየ ሞተር ይቃጠላል። ፌዝ ሲጎድል ራሱ የሚያቋርጥ መከላከያ በኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል፤ ዋጋውም ሞተር ከማስጠቅለል በብዙ ያንሳል። የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት በማስታወሻ መዝግበው ለወረዳው የአገልግሎት ማዕከል ያቅርቡ፤ ትራንስፎርመር እንዲቀየር የሚቀርብ ጥያቄ መዝገብ ሲኖረው ይሰማል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአቡ ዳቢ ሲሆን ሙያዬ የኤሌክትሪክ ጥገና ነው። እዚህ የባራካ ኒውክሌር ጣቢያ የአገሪቱን ፍላጎት ሩብ ያህል ይሸፍናል። አገራችንም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር በኒውክሌር ጣቢያ ግንባታ ላይ መስማማቷን ሰምቼ ተደስቻለሁ። እርስዎ ግን ኒውክሌርን እንዴት ያዩታል?

መልስ፦ ደስታዎን እጋራለሁ፤ ሆኖም ስሌቱን አብረን እንሥራ። ባራካ አራት ሪአክተሮች (የኒውክሌር ኃይል የሚመነጭባቸው ክፍሎች) ሲኖሩት እያንዳንዳቸው 1,400 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ በዓመት የሚሰጡትም ወደ 40,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው፤ የሕዳሴውን ግድብ ሁለት ተኩል እጥፍ መሆኑ ነው። የግንባታ ውሉ ሲፈረም ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ግድባችን ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል ይባላል። ለየዓመቱ ምርት ሲካፈል ልዩነቱ ሰዎች እንደሚያስቡት የአራት እጥፍ አይደለም፤ ከሁለት እጥፍ የሚያንስ ነው። ዝናብ አለመጠበቁም ትልቅ ዋጋ አለው። ስለዚህ ኒውክሌርን «ለእኛ ቅንጦት ነው» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት አግባብ አይመስለኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ እርስዎም በሙያዎ ይረዱታል። በአንድ አገር የኃይል መረብ ላይ አንዱ ማመንጫ ድንገት ቢወድቅ ቀሪዎቹ ጭነቱን መሸከም አለባቸው፤ ካልቻሉ አገር አቀፍ መጥፋት ይከተላል። በዚህ የተነሣ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ልማድ አንድ ማሽን ከመረቡ አቅም ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ ነው። 1,000 ሜጋ ዋት የሚሰጥ አንድ ሪአክተር እንግዲህ 10,000 ሜጋ ዋት የሚሸከም መረብ ይፈልጋል፤ የእኛ መረብ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ጭነት ደግሞ ከዚያ ገና ሩቅ ነው። በሕዳሴው ግድብ ላይ ትልቁ ተርባይን 400 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ እርሱ ራሱ ሲነሣና ሲወድቅ መረቡ ላይ ትልቅ ጫና አለው። ከጎረቤት አገሮች ጋር ያለው ትስስር እየጠነከረ ሲሄድ ይህ ይቀልል ይሆናል። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው መስመር 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም አለው፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሽያጩ የተጀመረው ግን በ200 ሜጋ ዋት ነው። ትንንሽ ሪአክተሮችም አማራጭ ናቸው፤ በዓለም ላይ ሥራ የጀመሩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለምሳሌ ሩሲያ በፔቬክ ወደብ ያቆመችው ተንሳፋፊ ጣቢያ 70 ሜጋ ዋት ነው።

ጊዜውም ረጅም ነው። የባራካ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሮ የመጀመሪያው ሪአክተር ከመረቡ ጋር የተገናኘው በ2020፣ አራተኛው ሥራ የገባው በ2024 ነው፤ ያውም ገንዘብ ባልጎደለበት አገር። ግብፅ በኤል ዳባ አራት ባለ 1,200 ሜጋ ዋት ሪአክተሮችን እየገነባች ያለችው በአብዛኛው ከሩሲያ ባገኘችው 25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አንድ አገር ከመጀመሯ በፊት ልታሟላቸው የሚገቡ አሥራ ዘጠኝ ጉዳዮችን ዘርዝሯል፤ ከእነዚህም መካከል ነጻ የቁጥጥር ተቋም፣ የቆሻሻው አያያዝና የሠለጠነ የሰው ኃይል ይገኙበታል። እኔ ብጠየቅ ተማሪ መላኩን፣ ቦታ ማጥናቱንና ሕግ ማውጣቱን ዛሬ እንጀምር እላለሁ፤ የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት ፍላጎት ግን በኒውክሌር እንሸፍናለን ብለን እንዳናቅድ። እንደ እርስዎ ያሉ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በትልልቅ ጣቢያዎችና መስመሮች ላይ እጃቸውን ያፍታቱ ባለሙያዎቻችን ለዚያ ዝግጅት ከገንዘቡ ባልተናነሰ ያስፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ በሰሜን ወሎ ገጠር መምህርት ነኝ። ዋናው መስመር ከቀበሌያችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መስመሩን እንጠብቅ ወይስ ሶላር እንግዛ?

መልስ፦ እህታችን፣ አትጠብቁ። ለተበታተኑ ጥቂት ቤቶች ሲባል 30 ኪሎ ሜትር መስመር መዘርጋት ውድ ስለሆነ ተራው ሊርቅ ይችላል። አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔል በእናንተ አካባቢ ፀሐይ በቀን ከ400 እስከ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ይህ ለአራት አምስት አምፖል፣ ለስልክና ለሬዲዮ ይበቃል። ምጣድ ግን በአንድ ሰዓት ብቻ ከዚህ ሰባት ስምንት እጥፍ ስለሚፈጅ እንጀራውን አያስጋግርም፤ «ሁሉንም ይችላል» እያለ የሚሸጥላችሁን ነጋዴ አትመኑት። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ኬላውና ወፍጮ ቤቱ በአንድ መንደር አጠገብ ለአጠገብ ከሆኑ ግን በየቤቱ ከመግዛት ይልቅ ለመንደሩ የሚሆን አንድ የጋራ የሶላር ጣቢያ በወረዳው በኩል ብትጠይቁ ይሻላል፤ የመድኃኒት ማቀዝቀዣና ወፍጮ የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ነው።

ስትገዙ የባትሪውን ዋስትና በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቀድሞ የሚደክመው ፓኔሉ ሳይሆን ባትሪው ነው። ፓኔሉን ፊቱን ወደ ደቡብ አዙራችሁ 15 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት፣ የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ፣ በበጋም አቧራውን በየሳምንቱ ጠዋት፣ ገና ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።